ሽበትን መተው ወይስ ማቅለም? በምሥራቅ ሱዳን ከሂና ጋር የሚቀላቀለው ጥቁር ዱቄት

ፀጉር በወር በአማካይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሽበቱን በቀለም የሚሸፍን ሰው ከአራት ወይም ከስድስት ሳምንታት በኋላ ነጩ መስመር ከግንባሩ በላይ ብቅ ሲል ያው ጥያቄ ይመለስበታል፤ እንደገና ልቀባ ወይስ ልተወው?

ኤርትራውያን ስደተኞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኖሩበት በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ኡም ጋርጉር መጠለያ እና በድንበሩ አካባቢ ይህ የመልክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሱዳን ፀጉርን ለማጥቆር፣ የሂናንም ቀለም ለማጠንከር የሚውለውና በአገሬው ሰው 'ሰብጋ' የሚባለው ማቅለሚያ የአገሪቱን ሐኪሞች ለአስርት ዓመታት ሲያስጨንቅ ኖሯል። ሽበቱን ለመተው ወይም ለመሸፈን የሚያመነታ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባውም ጥቁሩ ከምን እንደሚገኝ ነው።

የተከበረው ሽበትና የሚደበቀው ሽበት

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሽበት የዕድሜ ምልክት ብቻ ሳይሆን የመደመጥ መብትም ነው። ለዕርቅ የተላከ ሽማግሌ ገና ሳይናገር ሽበቱ ይናገርለታል። ይህ ክብር ግን ለወንዱና ለሴቷ እኩል አልተከፋፈለም። ለወንዱ ግርማ ተብሎ የሚታየው ሽበት በሴቷ ራስ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 'ራሷን ጣለች' ያሰኛል።

በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ ሃይማኖታዊ መልክም አለው። ነቢዩ መሐመድ ራሱና ጺሙ ፍጹም የነጣ አረጋዊ በቀረበላቸው ጊዜ ሽበቱ በሌላ ቀለም እንዲለወጥ፣ ከጥቁር ግን እንዲርቁ ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለ ጥቁሩ ቀለም የሃይማኖቱ ሊቃውንት አስተያየት የተለያየ ነው፤ የሚከለክሉት አሉ፣ የተጠላ ነው ብለው የሚያልፉትም አሉ። ከምሥራቅ ሱዳን እስከ ሐረር ሂና የነካው፣ ብርቱካናማ ጺም ያላቸው አዛውንቶች የሚታዩትም ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው።

ለሱዳናውያን ሴቶች ሂና ከዚህም በላይ ነው። በእጅና በእግር ላይ የሚደረገው ጥቁር የሂና ጌጥ የባለትዳርነት መለያ ሲሆን ባሏ የሞተባት ሴት ትተወዋለች። በዚህ ልማድ መካከል ለምትኖር ስደተኛ ቀለሙን መተው ሌላው የሚያነበው መልእክት ይሆናል። እርግጥ ሱዳናዊቷ የምትለብሰው ቶብም ሆነ የሐበሻዋ ነጠላ ራስን ስለሚሸፍን ለሰው ዓይን የሚቀረው የፊተኛው ፀጉር ብቻ ነው። ሙሉ ራስን ከማቅለም ይልቅ ይህንኑ ብቻ መንካት ኬሚካሉንም ውኃውንም ይቀንሳል።

ፀጉር ለምን ይሸብታል?

ፀጉርን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተሰኘው ቀለም ነው። ይህን የሚሠሩት በፀጉሩ ሥር ያሉ ሴሎች ሲያልቁ ወይም ሥራ ሲያቆሙ አዲሱ ፀጉር ነጭ ሆኖ ይወጣል። መቼ እንደሚጀምር በአብዛኛው የሚወስነው ዘር ነው። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ከ30 ዓመት በፊት የመጣ ሽበት ያለጊዜው የመጣ ይባላል። ሲጋራ ማጨስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊያፋጥኑት ስለሚችሉ ገና በወጣትነቱ በፍጥነት የሸበተ ሰው ቀለም ከመግዛቱ በፊት ቢመረመር ይመረጣል።

'በጭንቀት ሸበተ' የሚለው አባባል በስደተኞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። ገዳሪፍ ከኅዳር 2020 ጀምሮ የትግራይን ጦርነት የሸሹ ሰዎችን፣ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ በሱዳኑ ጦርነት ከካርቱምና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉትን አስተናግዳለች። ሳይንሱም አባባሉን በከፊል ይደግፋል። እአአ በ2020 በ'ኔቸር' መጽሔት የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከፍተኛ ጭንቀት የቀለም ሴሎችን ምንጭ እንደሚያሟጥጥ በአይጦች ላይ አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ14 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ጭንቀቱ ሲቀንስ አንዳንድ የሸበቱ ፀጉሮች ወደ ቀድሞ ቀለማቸው መመለሳቸውን ተመልክተዋል። ይህ የሚሆነው ግን በጥቂት ፀጉሮች፣ ያውም በሽበት መጀመሪያ ላይ ነው። ከቆዳ ወጥቶ ያደገው ፀጉር ሕይወት ስለሌለው በአንድ ሌሊት ሊሸብት አይችልም።

ሂና ብቻውን ጥቁር አይሆንም

የሂና ቅጠል የያዘው ላውሶን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሰጠው ቀለም ቀይና ብርቱካናማ ነው፤ በነጭ ፀጉር ላይ ደግሞ ደምቆ ይታያል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያጠቁር 'ጥቁር ሂና' ካለ በውስጡ ሌላ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ከዕፅዋት የሚገኘው ኢንዲጎ ከሂና ጋር ጥቁር ሊሰጥ ቢችልም ሰዓታት ይፈልጋል። ፈጣኑ ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ወይም በአጭሩ ፒፒዲ የተባለው ኬሚካል ነው።

ፒፒዲ የሰብጋ ብቻ ንጥረ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዩጂን ሹለር እአአ በ1907 ዘመናዊውን የፀጉር ቀለም ከሠራ ወዲህ ይህ ኬሚካልና ዘመዶቹ በፋብሪካ በሚመረቱ አብዛኞቹ ቋሚ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ይገኛሉ። ልዩነቱ መጠኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በፀጉር ላይ በሚያርፈው ውህድ ውስጥ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ቆዳ ላይ መቀባትም አልተፈቀደም። በገበያ እየተሰፈረ በሚሸጥ ዱቄት ላይ ግን ስለ መጠኑ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ሂናን ለማጥቆር በዓይን ግምት የሚጨመረው ይኸው ዱቄት ነው።

ቆዳ ሲቆጣ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይታይም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ የራስ ቆዳ፣ ጆሮና የዓይን ቆብ ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፤ አልፎ አልፎም ውኃ ይቋጥራል። አንዴ የተቀሰቀሰ አለርጂ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በልጅነቷ በሰርግ ቀን እጇን በጥቁር ሂና የተዋበች ሴት፣ ከ30 ዓመት በኋላ ሽበቷን ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ ከዚህ እጅግ ይከፋል። ጉሮሮን በፍጥነት አሳብጦ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ጡንቻንና ኩላሊትን ይጎዳል። እአአ በ1992 የታተመ የካርቱም ሐኪሞች ጥናት በሂናና በፒፒዲ ድብልቅ ተመርዘው ሆስፒታል የገቡ 31 ሕፃናትን የተመለከተ ሲሆን ከእነዚህ 13ቱ ሞተዋል። ብዙዎቹ እንዲተነፍሱ ጉሮሯቸው በቀዶ ሕክምና መከፈት ነበረበት። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት መጠለያ ይህ አሐዝ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

ካንሰር ያመጣል የሚለውስ?

ማስረጃው እስካሁን አንድ መልክ አልያዘም። እአአ በ2019 ከ46 ሺህ በላይ አሜሪካውያት የተካተቱበት ጥናት ቋሚ ቀለም በሚጠቀሙ ጥቁር ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር የመከሰት ዕድል በ45 በመቶ ከፍ ብሎ ማግኘቱን፣ በነጮቹ ላይ ግን ጭማሪው 7 በመቶ መሆኑን ዘግቧል። በቀጣዩ ዓመት ከ117 ሺህ በላይ ነርሶችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ከአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ጋር ግንኙነት አላገኘም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የፀጉር ባለሙያዎችን የሥራ ላይ ተጋላጭነት 'ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ' ከሚላቸው ጎራ አስቀምጦታል። በየቤቱ እየዞረች የሌሎችን ፀጉር ለምትቀባ ሴት ጓንት ማድረግና አየር በሚገባበት ቦታ መሥራት ከደንበኞቿ ይልቅ ለእሷ ያስፈልጋታል።

ለመተው የወሰነ፣ ለመቀጠል የወሰነ

ለወንድ መተው ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተቆረጠ ቀለሙ የለም። ትከሻ የሚደርስ ፀጉር ያላት ሴት ግን ቀለሙ በእድገት እስኪያልቅ ከሁለት ዓመት በላይ ልትጠብቅ ትችላለች። ሹሩባ ደግሞ ቆዳውን ስለሚገልጥ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለውን መስመር ያጎላዋል። ብዙዎች አጥረው በመቆረጥ ወይም ወራቱን በሻሽ በመሸፈን ያልፉታል። ብርቱካናማውን ቀለም ለማይጠላ ሰው ምንም ያልተጨመረበት ሂና መካከለኛ መንገድ ነው። ያም ቢሆን ለጨቅላ ሕፃናት አይቀባም፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉና።

በጥቁሩ ለመቀጠል የወሰነ ሰው የሚገዛው ቀለም ቢያንስ ይዘቱ የተጻፈበት ማሸጊያ ሊኖረው ይገባል። ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት በመመሪያው መሠረት ጥቂቱን ከጆሮ ጀርባ ወይም በክርን ውስጠኛ ክፍል መሞከር፣ ካሳከከ ወይም ካቀላ መተው ያስፈልጋል። ቀለሙ ከታዘዘው ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ለማጠቢያ የሚሆነውም ውኃ አስቀድሞ ይቀዳል። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መሄድ ግድ ነው። ቤተሰቡ በአንድ ክፍል በሚያድርበት መጠለያ ዱቄቱ ከስኳርና ከሻይ ቅጠል ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥም፤ የተበጠበጠበትም ብርጭቆ ወደ ማዕድ አይመለስም።