የወንድ ልጅ መጠሪያ ስም፤ አመጣጡና ትርጓሜው

በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ የወንድ ልጅ ስም ብዙውን ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። አበበ፣ በቀለ፣ ከበደ፣ አየለ የተፈጸመ ድርጊትን የሚገልጹ ግሶች ሲሆኑ፣ ባለቤታቸውም ሕፃኑ ነው። «ግዛው» ግን ትእዛዝ ነው። «ሺፈራው» ደግሞ ገና ያልተዋጋውን ጨቅላ ሺህ ሰው እንደ ፈራው አድርጎ ያወራል።

ከሁሉ ይልቅ የታሪክ ጸሐፊን ትኩረት ሊስቡ የሚገባቸው የምትክ ስሞች ናቸው፤ ይኸውም ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ መካሻ፣ ማስረሻ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ስሞች ስለ ተወለደው ልጅ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ስለ ሞተው ወንድም ወይም ዘመድ ጭምር ይናገራሉ። «ተካልኝ» በሚለው ውስጥ ያለችው «ልኝ» ተናጋሪውን ወላጅ ትገልጣለች፤ ቃሉም እንደ ልመናም እንደ ምስጋናም ሊነበብ ይችላል። የልደትና የሞት መዝገብ ባልነበረበት ቤት፣ የሞተው ሕፃን ብቸኛ ማስታወሻ የታናሹ ስም ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከሁለት ነገሥታት የልጅነት ስም አንዱ ይኸው ነበር። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ፣ ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አራተኛው ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በፈረስ ስማቸው ግን የፊተኛው አባ ታጠቅ፣ የኋለኛው አባ በዝብዝ ይባሉ ነበር። ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተጠሩት በክርስትና ስማቸው፣ በኃይለ ሥላሴ፣ ነው። በአርባ ቀን የሚሰጠው ይህ ስም በአብዛኛው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይወጣ፣ በቍርባንና በፍትሐት ጊዜ የሚጠራ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ጉዳት የሚደርሰው በቅጽ ላይ ነው። «ገብረ ማርያም» የተባለው ሰው ስም በሁለት ሣጥን ሲከፈል «ገብረ» የልጁ፣ «ማርያም» የአባቱ ስም ይመስላል፤ «ገብረ» ማለት «የ… አገልጋይ» ነውና፣ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳይነገር ይቀራል፤ እውነተኛው አባትም ከመዝገቡ ይወጣል።