ክረምት ሳይገባ፦ ስለ ሲሬ ቤቶች አንድ የታሪክ ማስታወሻ

የታሪክ መጻሕፍታችንን ስናገላብጥ ክረምት የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ጦር ሲያስቆም ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉት የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት ጥቃት ወድመው ጄኔራል ማሊዮኮ ከአብዛኞቹ ባልደረቦቹ ጋር ተገደለ፤ የተከተለው ዝናብ መንገዱን ሁሉ ጭቃ ስላደረገው ጠላት ነቀምትን የያዘው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን አንብበናል። ጥሩ ነው፣ ይነበብ። ነገር ግን በዚያው ክረምት፣ ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሲሬና በዙሪያዋ ሰው በምን ዓይነት ጣሪያ ሥር አደረ? ጣሪያውንስ ማን ከደነው? በየትኛው ወር? ይህን የሚነግረን ገጽ እምብዛም አናገኝም። እኛ እዚህ የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። በትምህርት ቤት «ዊንተር» ማለት ክረምት ነው ተብለን ተምረናል፤ የመጽሐፉ ሥዕል ግን በረዶ የለበሰ ጣሪያ ነበር። የኛው ክረምት ውሃ ነው የሚያወርደው። በአቆጣጠራችን ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፤ በሲሬ በኩል ግን ዝናቡ ቀን አይጠብቅም፣ ከግንቦት ጀምሮ ይጥላል። በጎረቤቷ በባኮ፣ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ባለበት፣ የሚዘንበው በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው በነዚሁ ጥቂት ወራት ነው። ኦሮምኛው ወቅቱን «ገና» ይለዋል (ከልደት በዓል ጋር እንዳይምታታ)፤ ዕድሜም በገና ይቆጠራል። ሰባ ገና የኖረ ሽማግሌ ሰባ ክረምት ጣሪያ ያላጣ ሰው ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ሲሬ ወይና ደጋ ናት፤ ብርዷ የደጋ ብርድ አይደለም። ሰውን የሚጎዳው እርጥበቱ ነው። ልብስ አይደርቅም፣ እህል ይሻግታል፣ ፍልጡ አልነድ ይላል። ስለዚህ የድሮው ሰው ቤቱን ለክረምት ሲያሰናዳ ዋናው ጭንቀቱ ቤቱ ደረቅ እንዲሆን ነበር።

ሥራው የሚጀመረው በበጋ ነው። ሰንበሌጡ ጨርሶ ሲደርቅ፣ ከታኅሣሥ በኋላ፣ ከብት ሳይገባበትና ሰደድ እሳት ሳይቀድመው ይታጨዳል። በኦሮምኛ ጪታ ይሉታል። የሳሳው ክዳን ተነስቶ አዲሱ ሣር ከጣሪያው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ይደረደራል፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን እየሸፈነ ይሄድና ጉልላቱ ላይ ይታሰራል። የጣሪያው ቁልቁለት ላላ ካለ ውሃው መፍሰሱን ትቶ ይሰርጋል፣ ሣሩም ይበሰብሳል። ይህን ስሌት ሰው በዓይኑ ነበር የሚለካው፤ መሐንዲስ አልጠራም። ጭቃውም የራሱ ቀን አለው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ እስኪገማ ድረስ ይቆያል። ከተመረገ በኋላ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ግንቦት ከመጣበት ያልደረቀ ምርጊት ታጥቦ ይወርዳል። በላዩ እበት ይለቀለቃል። ከዚያ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፣ ፍልጡ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ እህሉ ጉምቢ ውስጥ ይከተታል።

ክዳኑ የደቦ ሥራ ነው። ፋርሶ ይጠመቃል፣ ጎረቤት ይጠራል። በደቦው ወግ የሚወደሰው ጣሪያ ላይ የወጣው ወንድ ነው። ውሃውን ከወንዝ ያመላለሱት፣ ጭቃውን በእግራቸው የረገጡት፣ እበቱን በእጃቸው የለቀለቁት፣ ፋርሶውንም የጠመቁት ሴቶች ግን «አገዙ» ተብለው ይታለፋሉ። እንዴ! ቤቱ ያለ ግድግዳ ሊቆም ነው እንዴ?

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመን የምድጃው ነገር ነው። በሣር ቤት መካከል እሳት ይነድዳል፤ ጭሱ ሌላ መውጫ ስለሌለው በክዳኑ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ ይልቁንም የእናቶችንና የሕፃናትን። ያው ጭስ ግን ሣሩን ከውስጥ ያደርቀዋል፣ ተባዩንም ያርቃል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱ የተወው ቤት በጥቂት ክረምት የሚወድቀው አንድም በዚህ ነው።

ቆርቆሮ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። የጂቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ዋና ከተማዋን ቆርቆሮ ማልበስ ቀለለ። ወደ ምዕራብ ባቡር የለም፤ ስለዚህ መኪና መንገዱ እስኪጠና ድረስ ቆርቆሮ ለወለጋ ገበሬ ሩቅ ዕቃ ሆኖ ቆየ። እንደ ሌላው አገር ሁሉ ቀድሞ የለበሰው ባለሥልጣኑ፣ ቤተ እምነቱና ነጋዴው ነው፤ ገበሬው መጨረሻ ላይ። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የተስፋፋው ባሕር ዛፍም ቀጥ ያለ ወራጅና ማገር ስላቀረበ መንገድ ጠረገለት።

ቆርቆሮ ቤት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዝናብ ሲጥል መምህሩ የሚለው የማይሰማበት ክፍል ውስጥ ያልተማረ ከመካከላችን ማን አለ? ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ምድጃውም ከቤት ወጥቶ ጓሮ ኩሽና ገባ፤ ሳንባው አረፈ፣ ሳሎኑ ግን በሐምሌ ሌሊት ጋቢ ደራርቦም አይሞቅም። ደቦውም አብሮ ሳሳ። የሣር ክዳን በየጊዜው ጎረቤት ያስጠራል፤ ቆርቆሮ አንዴ ገንዘብ ያስወጣና ለብዙ ዓመት ዝም ያሰኛል። ተሻለ ወይስ ባሰ? እኛ ተሻለ ነው የምንለው፣ ደቦው ቢቆጨንም። በሚያፈስ ጎጆ ሕፃን ታቅፎ ያደረ ሰው ሣር ሲወደስ ቢሰማ ይስቃል።

ለዚህ ሥራ ቀን እንዳለው ያላሰበ ሰው ቤት ሲያሠራ ምን እንደሚሆን የታየው በደርግ ዘመን ነው። በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ አካባቢ ለመጡ ሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተላኩ፤ እንደኛ እስክሪብቶ እንጂ ማጭድ ያልለመዱ እጆች። ቀጥሎ የመንደር ምሥረታው ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲካሄድ ወለጋም ተራው ደረሰው። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ክዳኑን ተሸክሞ፣ በቀጥታ መስመር በተሰለፈ መንደር ውስጥ እንዲሠራ ታዘዘ። አሮጌ ሣር ተነስቶ እንደገና ሲከደን ይሰባበራል፤ አዲስ ሣር ደግሞ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃም። ደቦ የሚጠራው ጎረቤትስ የት ይገኛል? እሱም የራሱን እያፈረሰ ነው። ምድጃው ያልሞቀበት አዲስ ጎጆ የመጀመሪያውን ክረምት የሚቀበለው በዚህ ሁኔታ ነበር።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ፣ ሰኔ 26 እስኪደርስ ልክ አራት ወር ቀርቶ ነበር። በብዙ ቦታ ገበሬው ሌላ መመሪያ አልጠበቀም። ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ፤ የሣር ማጨጃው ወር ገና አላለፈም ነበርና።