«አዲስ» በኬሚካል ሕግ ዘንድ

«አዲስ» የሚለው ቃል በዘወትር ንግግር ትናንት ያልነበረውን፣ ዛሬ የተገኘውን ነገር የሚያመለክት ሲሆን፣ በአሜሪካ የኬሚካል ሕግ ግን ፍቺው ከዘመን ይልቅ ከመዝገብ ጋራ የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በታወጀው የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ቍጥጥር ሕግ መሠረት፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሚይዘው መዝገብ ያልሰፈረ ንጥረ ነገር፣ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በፊት በቤተ ሙከራ ያወቁት ቢሆን እንኳ «አዲስ» ይባላል፤ የሰፈረው ግን ትናንት የተመዘገበ ቢሆንም «ነባር» ነው።

ስለዚህ አዲሱን ንጥረ ነገር ለንግድ ለማምረት ወይም ከውጭ አገር ለማስገባት የሚያስብ ባለፋብሪካ፣ ሥራውን ከመጀመሩ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ፣ የንጥረ ነገሩን ማንነት፣ በዓመት ሊያመርት ያቀደውን መጠን፣ የሚውልበትን አገልግሎት፣ ሠራተኞች የሚጋለጡበትን ሁኔታና በእጁ የሚገኘውን የምርመራ ውጤት ዘርዝሮ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ዝም ብሎ ቀኑ ከሞላ ማምረት ይቻል ነበር፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተሻሻለ ወዲህ ግን ስለ ጕዳቱ ቍርጥ ያለ ብያኔ ሳይሰጥ ምርቱ አይጀመርም። ለምርምር ብቻ በጥቂቱ የሚሠራው፣ የተደነገገለትን ሥርዓት ከጠበቀ፣ ከዚህ ማስታወቂያ ነጻ ነው።

ባለፋብሪካው ምርቱን በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ መጀመሩን ሲያስታውቅ ንጥረ ነገሩ በመዝገቡ ይሰፍራል፤ ከዚያ ወዲያ ያንኑ የሚያመርት ሌላ ሰው «ነባር» ነገር ያመርታልና የ90 ቀኑ ግዴታ አይመለከተውም፤ ይህም አምራቹ ንጥረ ነገሩን መሥሪያ ቤቱ በሚያወጣው ደንብ ለይቶ «ጕልሕ አዲስ አገልግሎት» ላለው ተግባር ካላዋለው በቀር ነው።