የድንጋይ ወጋግራ በቤተ አማኑኤል

በላሊበላ ከሚገኙት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቤተ አማኑኤልን ስናይ፥ ግድግዳው በአግድም አንዱ እርከን ወጣ፥ አንዱ ገባ እያለ ተጠርቧል። እኛ ተማሪዎች በመጀመሪያ ለጌጥ ብቻ መስሎን ነበር። ሕንጻው ከአንድ አለት የተፈለፈለ ስለ ሆነ ወጋግራም ማገርም አያሻውምና።

ምስጢሩ የተገለጠልን ግን በዚያው በላስታ፥ በዋሻ ውስጥ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስ ነው። በዚያ እውነተኛ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ ተነባብረዋል፤ ይህም የአክሱም ግንበኞች ሥርዓት ነው። የዛጔ ነገሥታት መንበራቸው ከአክሱም ርቆ በላስታ ቢሆንም፥ የቀደመውን መንግሥት መልክ አልተዉም። ጎልጎታና ዮርዳኖስ የተባሉት ስሞች የኢየሩሳሌም ናቸው፤ የግድግዳው መልክ ግን የአክሱም ነው። ጠራቢዎቹም፥ እንደሚመስለን፥ የከበረ ቤት ያለ እንጨት እርከን ይሠራል ብለው አላሰቡም፤ ስለዚህ እንጨቱን ከድንጋይ ጠረቡት።