ዘፋኙ ዝም ሲል፦ ስለ ወርቃማው ዘመን ባንዶች ያላለቀ ክርክር

ቡና ሲጠጣ የሚነሣው ክርክር ብዙ ዓይነት ነው። በእኛ ሰፈር፣ በየካ፣ ከቀበና ድልድይ እስከ ሾላ ባሉት ቡና ቤቶች ግን ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ከድሮዎቹ ባንዶች ማን ይበልጣል? አንዱ ዋልያስ ይላል። ሌላው አይቤክስን፣ ኋላ ሮሃ የተባለውን፣ ይዞ ይነሣል። ሦስተኛው ዳህላክን ይጠራል። ጥግ ይዘው ዝም ያሉት አዛውንት በመጨረሻ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጆች፣ ክብር ዘበኛ ባይኖር እነዚህ ሁሉ ከየት ይመጡ ነበር?» ሲሉ ጠረጴዛው ለጊዜው ጸጥ ይላል።

የክርክሩ ግማሽ ፈገግታ የሚያሰኝ ነው። «አይቤክስ» ማለት በፈረንጅ አፍ ያው ዋልያ ነውና፣ ሁለቱ ዋነኛ ተፎካካሪዎች በሰሜን ተራራ ገደል ላይ የሚኖረውን አንዱን እንስሳ ተካፍለው የሚሻሙ ናቸው። የቀረው ግማሽ ግን ቁም ነገር አለው። እኔ በበኩሌ ይህን ክርክር ለዓመታት ስሰማ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። አይቤክስ ይበልጣል የሚለው ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ ስለ ማሕሙድ አህመድ ድምፅ መናገር ይጀምራል። ዳህላክ የሚለው ስለ ሙሉቀን መለሰ ያወራል። ክብር ዘበኛ የሚለውም ወዲያው ጥላሁን ገሠሠንና ብዙነሽ በቀለን ይጠራል። እንግዲህ ስለ ባንዶች ተከራከርን እንላለን እንጂ የተከራከርነው ስለ ዘፋኞች ነው። የባንድ ታላቅነት የሚለካው ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ ዘፋኙ ዝም ሲል በሚሆነው ነገር ነው።

በነዚያው ዓመታት በእንግሊዝ አገርም ወጣቶች ተመሳሳይ ሙግት ይዘው ነበር። ፕሮግረሲቭ ሮክ የተባለው ሙዚቃ የደመቀበት ጊዜ ነው። ኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1969፣ የስ የተባለው ባንድ «ክሎስ ቱ ዘ ኤጅ»ን በ1972፣ ፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»ን በ1973 አወጡ። ማን ይበልጣል የሚለው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ አላበቃም። የሚያጨቃጭቃቸው ግን በአብዛኛው የዘፋኙ ጉሮሮ ሳይሆን የኦርጋኑ፣ የጊታሩና የከበሮው ሥራ ነው፤ እነዚህ ባንዶች ሙዚቃውን ከሦስት ደቂቃ ዘፈን አላቅቀው የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የሚይዝ ድርሰት እስከ መሥራት ደርሰዋልና። የእኛና የእነርሱ ሙዚቃ የተለያየ መሆኑ ግልጽ ነው። መመዘኛቸውን ግን ለጥቂት ጊዜ ብንዋሰው የማናየውን ያሳየናል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ እንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ይረዳል። ከባሕር ዛፉ በታች መጀመሪያ የሚገኘው ጃንሜዳና ስድስት ኪሎ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲሉ ሂልተን፣ ቀጥሎ ጊዮን፣ ብሔራዊ ቴአትርና ራስ ሆቴል በአንድ ቁልቁለት ላይ ተዘርግተዋል። የዘመናዊ ሙዚቃችንም መንገድ በአመዛኙ እንደዚሁ ከላይ ወደ ታች፣ ከሠራዊቱ ሰፈር ወደ ሆቴሉ ነው።

የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው ለመንግሥት ክብር ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ውስጥ የብዙ ሙዚቀኞች መምህር ነበር። ዋና ሰፈሩ በጃንሜዳ አካባቢ የነበረው ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ኖታ ማንበብ፣ በሰዓት መገኘት፣ አራት አምስት ነሐስን በአንድ ትንፋሽ ማናገር የተለመደው እዚያ ነው። ሳህሌ ደጋጎን የመሰሉ አቀናባሪዎች ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለሳክስፎንና ለትራምፔት ያከፋፈሉት እዚያ ነው። ማሕሙድ አህመድም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚጫወቱበት አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ዘፋኝ በጠፋበት ምሽት መድረክ ላይ ወጥቶ ነው ወደ ባንዱ የገባው።

ስለዚህ አዛውንቱ ተከራካሪ እውነት አላቸው። ነገር ግን የመንግሥት ባንድ የመንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍበት ጦሱ ለሙዚቀኞቹም ተረፈ፤ ጥላሁን ገሠሠ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ ቴአትር ቤቱ ተሻገረ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲመጣ ደግሞ ክብር ዘበኛ ራሱ ፈረሰ፤ ባንዱም አብሮት ጠፋ። ክብር ዘበኛ ትልቁ ትምህርት ቤት ነበር ብንል አንሳሳትም። ትምህርት ቤትን ግን ከተማሪዎቹ ጋር ማወዳደር አይገባም።

ተማሪዎቹ ቁልቁል የወረዱት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። ራስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ከዚያም ሶል ኤኮስ ከመንግሥት ደመወዝ ውጭ መኖር እንደሚቻል አሳዩ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ሸክላውን ህንድ አገር አሳተመ። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ቆየ፤ በአሊ አብደላ ካይፋ የሚመራው ካይፋ ሬከርድስም ተከተለው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው በአብዛኛው በነዚህ ሰዎች ድፍረት በሸክላ ላይ የቀረውን ነው። ሳይቀረጽ በአየር ላይ የተበተነው እንደሚበልጥ ግን መዘንጋት የለበትም።

አሁን ወደ ዋነኞቹ ተፎካካሪዎች ልምጣ። አይቤክስ በራስ ሆቴል የተጫወተ፣ ጆቫኒ ሪኮን በቤዝ፣ ሰላም ስዩምን በጊታር ያሰለፈ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ ጋር የሠራው «እረ መላ መላ» በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ሲታተም የአውሮፓ ጆሮ ወደ እኛ ዞረ። ባንዱ ሮሃ ከሆነ በኋላ ደግሞ የካሴቱን ዘመን ተሸከመ። በደርግ ጊዜ በየታክሲው የሰማነውን ካሴት ብንቆጥር፣ ዘፋኙ ይለዋወጥ እንጂ ከኋላ ያለው ብዙ ጊዜ ሮሃ ነበር። ማጀብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ዘፋኙ ሲተነፍስ መጠበቅን፣ ሲሳሳት መሸፈንን ይጠይቃል። በዚህ ሚዛን ሮሃን የሚስተካከለው የለም። ዳህላክም በጊዮን ሆቴል ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል አጨዋወት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከኃይሉ መርጊያ ጋር የተሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» ለዚህ ምስክር ነው።

ይሁንና እኔ የምመርጠው ዋልያስን ነው። ምክንያቴን ልናገር።

የእኛ ሕዝብ ከሙዚቃ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ቃል ነው። አዝማሪው የሚደነቀው በመሰንቆው ሳይሆን ሰምና ወርቅ አድርጎ በሚወረውረው ግጥም ነው፤ መሰንቆው ግጥሙ እስኪመጣ መንገድ ይጠርጋል። በዚህ ባህል ውስጥ ያለ ዘፋኝ ሸክላ ማውጣት ወጥ ሳይሠሩ እንጀራ እንደ ማቅረብ የሚቆጠር ነበር። በመሣሪያ ብቻ የሚሠራው ሙዚቃም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የታወቀ ዘፈን ዜማ ነው፤ አድማጩ ቃሉን በልቡ እያለ ይከተለዋል። ዘፋኙ በአካል የለም እንጂ በሐሳብ አለ።

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው»ን አወጣ። በዚያ አልበም ላይ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለ ሥራ አለ። ይህ ሥራ አድማጭ በልቡ የሚሞላው ቃል የለውም፤ ከመነሻው ለመሣሪያ የተደረሰ ነው። ነሐሶቹ አንድ አጭር ሐረግ ይዘው ይመላለሱበታል፣ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ይገባበታል፣ ቤዙና ከበሮው መሬቱን ይይዛሉ። በአልበሙ ላይ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ይዞ አለ። ስሙም ልብ ይሏል፤ «ስልት» እንጂ «ዘፈን» አላሉትም።

ጊዜውን ደግሞ አስቡት። ከተማው በቀይ ሽብር ውስጥ ነበር። የሰዓት እላፊ ገደብ ስለነበረ፣ ወደ ክበብ የገባ ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይቆያል። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የእንግሊዞቹ ባንዶች ሙዚቃውን ያረዘሙት ረዥሙ ሸክላ ቦታ ስለሰጣቸው ነው፤ የእኛዎቹን ያስረዘማቸው የተቆለፈ በር ነው። በዚያ ጊዜ ቃል አደገኛ ነበር፤ አንድ ስንኝ ወርቁ ሌላ ሆኖ ቢተረጎም ሰው ያሳስራል። ዋልያሶች ይህን አስበው ነው ያደረጉት አልልም። ያለ ቃል የሚናገር ሙዚቃ በዚያ ዓመት የነበረው ክብደት ግን ከዛሬው የተለየ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

«ጌታቸው መኩሪያስ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጌታቸው ከዋልያስ አስቀድሞ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን አስጩኋል፤ ሙላቱም የኢትዮ ጃዝን መንገድ ከፍቷል። እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ የአንድ ሰው ስም የያዙ ሥራዎች ናቸው፤ ከስሙ ኋላ ባንዱ እንደገና ይደበቃል። ዋልያስ የሠራው እንደ ማኅበር ነው። ደራሲው ሌላ፣ ኦርጋኑ ሌላ፣ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የመላኩ ገብሬ ቤዝ ሌላ፤ አንዱ ቢጎድል ያ ድምፅ አይኖርም። ባንድ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ የሆነው ያሳዝናል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ አራቱ እዚያው ቀሩ፣ ሌሎቹ ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን እየተለማመደ ኖረ። በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ቡድን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ሲጫወት፣ ደራሲው ግርማ በየነ እዚያው አሜሪካ በዝምታ ይኖር ነበር። በፈረንሳይ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የድሮውን ሙዚቃ በተከታታይ ማሳተም የጀመረው በዚያን ሰሞን ነው። ኃይሉ በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ግርማም በ2017 አዲስ አልበም አወጣ። የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ጠይቀው የጻፉት ፈረንጆቹ ናቸው። እኛ ዜማውን እያፏጨን ያደግን ሰዎች ቤዝ የመታው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ክርክሩ ከንቱ ያልሆነው ለዚህ ነው። በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሙሉውን ቦታ ይይዛል፤ የባንዱ ስም ከተጻፈም በታች በትንሽ ፊደል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 «ከዋኝ» ሲል ዘፋኙን ብቻ አላለም፤ ሙዚቀኛውንም ጨምሯል። ሕጉ የሰጠውን ስም እኛ በአፋችን ካልሰጠነው ግን ምን ዋጋ አለው? የዚያ ዘመን ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ነው። አምሃ እሸቴና አለማየሁ እሸቴ በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ተለዩን፤ ሙሉቀን መለሰም በ2016 ተከተለ። የዘፋኞቹን ሞት አገር ሰምቶ አለቀሰ። የከበሮ መቺውን ሞት ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው የሰፈሩ ዕድር ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ዋልያስን ያልመረጠ ሰው ይከራከረኝ፤ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ደንብ እንያዝ። የሚመርጠውን ባንድ ሲጠራ ዘፋኙን ሳይጠቅስ፣ ከተጫዋቾቹ የሦስቱን ስምና የያዙትን መሣሪያ ይንገረን። ይህን ያደረገ ሰው ቢረታም ባይረታም፣ ከኋላ ቆመው ለነበሩት ዕዳውን ከፍሏል።