ራስ ኃይሉ፣ በላይ ዘለቀና የ1933ቱ ምሕረት

የአርበኞች በዓል ሚያዝያ 27 ይከበራል። ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. በዚያ ዕለት አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ እጁን የሰጠን ጣልያን እንዲምርና እንዳይነካ አዘዙ። መንገዱ የተጠረገው ግን በጎጃም ነበር። ጥር 12 በኦሜድላ ገቡ፤ ጣልያን ዳንግላን ለቀቀ፤ በየካቲት መጨረሻ የቡሬን ምሽግ ትቶ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ።

የጣልያን ወረራ የጎጃምን ትልቅ ቤት ለሁለት ከፍሎት ነበር። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከጣልያን ጋር አደሩ። የወንድማቸው የራስ በዛብህ ልጅ ደጃዝማች ነጋሽ ደግሞ ዱር ገቡ። አርበኞቹም ቢሆኑ እርስ በርስ ተኳርፈው ነበር፤ ነጋሽና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በአንድነት ለመሥራት የተስማሙት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከገባ በኋላ፣ በ1933 መባቻ ነው።

መጋቢት 28 ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተማዋን ይዘው የቆዩት ራስ ኃይሉ ነበሩ። ቀርበው እጅ ነሡ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ በቁም እስር ቆዩ እንጂ ገመድ አልጠበቃቸውም።

የሚያከራክረው የዚያው ሰሞን ሌላ ጉዳይ ነው። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣልያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር፣ ሴትና ሕፃን ጭምር ይዞ፣ ዓባይን ተሻገረ። መሻገሪያው በአርበኛው በበላይ ዘለቀ እጅ ነበር። እንግሊዞቹ መኮንኖች ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተው በላይን አታለሉት ብለው ጻፉ። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ የተወራ ነው። ደግሞ ጦሩ ያመለጠው ከነሱም እጅ ነው፤ ለማምለጡ ምክንያት ያስፈልጋቸው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር ጣልያንን የተዋጋ ሰው በአንድ የጋብቻ ቃል ተሸነፈ ማለት፣ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ይፈልጋል።

በላይ ከነጻነት በኋላ ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሾመ። ለደብረ ማርቆስ አልገዛም ብሎ ሸፈተ፤ ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ቢለወጥለትም አምልጦ እንደገና ተያዘ። በጥር 1937 ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው የራስ ኃይሉ ልጅ፣ ከጣልያን ጋር የነበረው ልጅ ማሞ ነው። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ገመድ ፍርድ አለቁ፤ አባትየው በቤታቸው ተቀመጡ። ደጃዝማች ነጋሽም፣ ቢትወደድ ከተባሉ በኋላ፣ በ1943 በመንግሥት ላይ አሢረዋል ተብለው ታሰሩ።

ተራው ባንዳስ? በሀገሩ ልማድ ደም የተቃባ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ካሣ ይከፈላል፤ ነገሩም በዚያው ይቀበራል። እንዲህ ያለው እርቅ መዝገብ የለውም። የቀረው «የባንዳ ልጅ» የሚለው ስድብ ነው፤ እሱን ማንም ሽማግሌ አላነሣውም።

ዛሬ ከዱርቤቴ ተነሥቶ ባሕር ዳር ላይ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው በበላይ ዘለቀ ስም ከተሰየመው ማረፊያ ይገባል። የምሕረትና የፍርድ ጥያቄም እንደገና ተነሥቷል፤ በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በፖሊሲው ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የ1937ቱን ፍርድ ከ1933ቱ ምሕረት ጎን አስቀምጠው ያንብቡት፤ የቢቸናና የቡሬ አዛውንቶችም ሳያልፉ የሰሙትን ይጠየቁ።