«ዳገቱ ነው»

«ዳገቱ ነው እንጂ እኔስ ደኅና ነኝ።»

ከእንጦጦና ከየካ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ምርመራ ክፍላችን ሲገቡ የሚሉኝ ይህንኑ ነው። ዳገትነቱንስ ማን ይክዳል? እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሯጮቻችን ትንፋሻቸውን የሚያጠነክሩት እዚያው ነው።

ሥራዬ የልብ አልትራሳውንድ፣ ሰዉ «ኢኮ» የሚለውን ምርመራ መሥራት ነው። ለሙያው ደኅና የአማርኛ ስም አልወጣለትም። አንዱ «ዶክተር» ይለኛል፣ ሌላው «የራጁ ሰውዬ»። ሁለቱንም አይደለሁም።

አንድ ቀን የሃያ ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። በግራ ጎኗ አስተኝቼ መሣሪያውን ደረቷ ላይ ሳሳርፍ፣ ከሳንባ የሚመጣው ደም የሚያልፍበት የግራ ልቧ በር፣ ቫልቩ ማለቴ ነው፣ ታየኝ። በሰፊው መከፈት ሲገባው እንደ ገና ዱላ ጎብጦ ቀርቷል። በሩ ሲጠብ ደም ሳንባ ውስጥ ይታቆራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ የሚወቀሰው ግን ዳገቱ ነው።

ኢኮ መጀመሪያ የተፈለገው ለዚሁ በር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን፣ ሉንድ ከተማ፣ ኢንገ ኤድለር የተባለ ሐኪም ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውን የጠበበ በር አስቀድሞ የሚለይበት መንገድ ቸግሮት ነበር። ካርል ሄልሙት ኸርትስ ከሚባል የፊዚክስ ሰው ጋር ሆኖ፣ የመርከብ ሠሪዎች ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈልጉበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ልብ ላይ ሞከረው። ዛሬ በዚያ አገር በሽታው ብርቅ ሆኗል። መሣሪያው እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን በሽታውን ቤቱ ተቀምጦ አገኘው።

ከኢኮ በፊትስ እዚህ ልብን ማን ያዳምጥ ነበር? በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ድል በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፍተው ዓመታት ሠርተዋል። እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ በ1902 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። የዚያ ዘመን ሐኪም በማዳመጫው የበሩን ማጉረምረም ቢሰማም የሚያደርገው አልነበረውም። ፔኒሲሊን እንኳ ገና አልተገኘም።

እኛ ምን እንላለን? የበሽታው መነሻ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው። በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ልብን ባልነካ፤ ከነካም በኋላ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ እንዳይብስ ይከላከላል። ልጆችን ውጭ ልኮ በማሳከም የተጀመረው የዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል እስከ መክፈት ደርሷል። ትልቅ ነገር ነው። ወረፋው ግን እንኳን ለድሀ ለማንም ረጅም ነው። አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ባመለጠችበት የልብ ቀዶ ጥገና ሲጠበቅ እያየሁ ነው የምውለው።

ውጤቱን ሐኪሙ ከነገራቸው በኋላ እናቲቱ ተመልሰው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ትንሹ ወንድሟንም ጉሮሮውን እያመመው ነው። ለቅዳሜ እንጥሉን ላስቆርጠው ተቀጣጥሬ ነበር።»

«እማማ፣ አያስቆርጡት። ነገ በጠዋት ይዘውት ይምጡ» አልኳቸው።

በማግስቱ በር ላይ ስደርስ፣ ልጁን አዝለው ቀድመውኝ ቆመዋል።